ድንኳን የተጣለበት ደጅ

በ2087 ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ደሴ ሆጤ ሰፈር እማማ ሄራን ቤት ውስጥ ግድግዳው በየምሽቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር።

«ዛሬ ደጅዎን ያንኳኳ ሰው አለ?»

«የለም» ይላሉ እማማ ሄራን።

«አመሰግናለሁ። መልካም ምሽት ይሁንልዎ።»

የሚጠይቃቸው ብሔራዊው የአመክሮ ቦርድ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈችው ነገር ከአተር ፍሬ አትበልጥም። ቦርዱ «መዛኝ» ይላታል፤ እማማ ሄራን ግን «እንግዳው» ነው የሚሉት። ልብስ ሲቀይሩ ነጠላ ይጋርዱበታል፤ ሲተኙ «ደህና እደር» ይሉታል። ክፉ ነው ብለው አያሙትም፣ ጨዋ ነው። ብቻ አንድም ማታ ሳይጠይቃቸው ቀርቶ አያውቅም፣ እሳቸውም አንድም ማታ ሌላ መልስ ሰጥተውት አያውቁም። አንዳንዴ «አዎ፣ ጎረቤቴ ቤዛ መጥታ ስንጫወት አመሸን» ሊሉ አፋቸው ድረስ ይመጣል። ከዚያ ውሸቱ በታሰረው ልጅ ላይ ቢቆጠርስ ብለው መልሰው ይውጡታል፤ ሌሊቱን ሁሉ ደግሞ ልውሸት ማለታቸው ራሱ ቢታወቅስ እያሉ ይገላበጣሉ።

በዚያ ዘመን ሰው የሰው ደጅ አያንኳኳም። ዳቦውም መድኃኒቱም በድሮን ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ሰላምታ ጆሮ ውስጥ በምትሰካ መሣሪያ ይላካል፣ የእንኳን አደረሰህ መልእክትም ከዓመት ዓመት ያው የተቀዳው ድምፅ ነው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ ፈገግ ቢል፣ ፈገግታው ጆሮው ውስጥ ለሚያወራው ሰው እንጂ ለአላፊ አግዳሚው አይደለም። ከድሮው የቀረ ነገር ቢኖር ለቅሶ ብቻ ነበር። «ለቅሶ በጆሮ አይደረስም» ብለው የእድሩ ሽማግሌዎች ድርቅ ስላሉ፣ ሰው ሲሞት ብቻ ሁሉም በእግሩ ይመጣል፤ ያለቅሳል፣ ቁጭ ይላል፣ ይሄዳል።

እማማ ሄራን የሚጨነቁለት ልጅ ምንዳዬ ይባላል። የልጃቸው ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞትባቸው በጡጦ ያሳደጉት። የዛሬ አምስት ዓመት ግድም፣ ገና ጢሙ ሳይወጣ፣ የባጃጅን ራስ መሪ አጥፍቶ፣ «በእጄ ልንዳው» ብሎ የቁልቁለቱን መንገድ ወረደበት። ኋላ ወንበር ላይ ጓደኛው አዳሙ ነበር። ባጃጁ ተገለበጠ። ምንዳዬ ክንዱ ተሰበረ፣ አዳሙ እዚያው ቀረ። የአዳሙ እናት ሶስና ከእማማ ሄራን ቤት ሦስት በር ከፍ ብላ ትኖራለች። ከቀብሩ ወዲህ እማማ ሄራን ባገኟት ቁጥር «እንደምን ዋልሽ ልጄ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ሳትመልስ መንገዱን ትሻገራለች። እማማ ሄራን ተቀይመው አያውቁም። መሻገሯ ደግ ነው፣ ከመሳደብ ይሻላል ይላሉ።

ምንዳዬ ከተፈረደበት ሁለት ሦስተኛውን ጨርሷል። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ አመክሮ ቦርዱ መጣ። እማማ ሄራን ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማሩት፤ የቦርዱን ሕግ ግን እንደ ጸሎት በቃላቸው ያውቁታል። አምስት ወንበር አለ። አንደኛው የዳኛ ነው። ሁለተኛው የማረሚያ ቤቱ። ሦስተኛው የደጃፍ ወንበር ይባላል፤ እስረኛው ከሚመለስበት ሰፈር በዕጣ የወጣ ሰው ይቀመጥበታል። አራተኛው የመዛኝ ነው፤ እንግዳው ከግድግዳ ከግድግዳ የለቀመውን አስልቶ ከመቶ ቁጥር ይሰጣል፣ ስልሳ ካልሞላ አይደግፍም። አምስተኛው የተበደለ ሰው ወንበር ነው። የተበደለው ካልመጣ ወንበሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ይደረጋል፣ ጨርቁም «አይሆንም» እንዳለ ይቆጠራል። ከአምስቱ አራቱ ካልተስማሙ ሰው አይፈታም። ሦስት ጊዜ ቀርቦ ሦስቴ የወደቀ ደግሞ ፍርዱን እስከ ጫፍ ይጨርሳል።

ምንዳዬ ሁለቴ ወድቋል። ሁለቴም ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ዳኛው፣ ማረሚያ ቤቱና ደጃፉ ደግፈውት፣ መዛኙና ነጭ ጨርቁ ጣሉት።

ቦርዱ ሕንፃ የለውም። ሰው የሚፈታው ወደ ደጁ ነውና ጉዳዩም በደጁ ይታይ ተብሎ ስለተደነገገ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ እስረኛው በሚመለስበት ቤት ፊት ለፊት ድንኳን ተክሎ ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀጠሮ ማለዳ ረጅሙ ነጭ መኪና ዳገቱን ወጥቶ እማማ ሄራን በር ላይ ቆመ። የቦርዱ ድንኳን እንደ ፊኛ የሚነፋ ነው። ገና ግማሹ እንደቆመ የጦሳ ተራራ ንፋስ መጣና ከላይ እስከ ታች ተረተረው።

ሰብሳቢዋ ዳኛ ረድኤት የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት። የተቀደደውን አየት አድርጋ፣ «ቀጠሮው ይዛወራል» አለች።

«ወዴት ነው የሚዛወረው፣ ልጄ?» አሉ እማማ ሄራን።

«ተራው እንደገና ሲደርስ ነው፣ እማማ። ምናልባት የሚመጣው ዓመት።»

እማማ ሄራን የበሩን መቃን ያዙ። ደማቸው ከፍ ይልባቸዋል።

በዕጣ ደጃፉን እንዲወክሉ የወጡት ጋሽ ኢምራን ነበሩ። ጋሽ ኢምራን የሰፈሩ እድር ዕቃ ጠባቂ ናቸው፣ ቀልድ ይወዳሉ። «ድንኳን ነው ያጣችሁት?» አሉ። «በመንግሥት ቤት ድንኳን ከጠፋ ከእኛ ዘንድ ሞልቷል። የእድሩ አለ አይደል? እሱን ንፋስ አይደለም፣ የእትዬ ቤዛ ጩኸትም አይቀደውም።»

ዳኛዋ ሕጉን በሐሳቧ ስታገላብጥ ቆየችና፣ ድንኳን ይኑር እንጂ የማን ድንኳን እንደሆነ አልተጻፈም አለች። ጋሽ ኢምራን አረንጓዴውን ጥቅል ከመጋዘን አስመጥተው መሬት ላይ ጣሉት። ጥቅሉ በራሱ ተፈታ፣ ምሰሶዎቹ ተራ በተራ ቀጥ አሉ፤ የመጨረሻው ሲቆም ከወደ ጣሪያው አንዲት ዝግ ያለች ድምፅ ተሰማች። ማንም ልብ አላላትም። ቸኩለው ወንበሩን ደረደሩ፣ የእድሩንም አግዳሚዎች በዳር በዳር አስገቡ። በአምስተኛው ወንበር ላይ ነጩን ጨርቅ አነጠፉ።

እማማ ሄራን ደጃቸው ላይ ያንን ድንኳን ሲያዩ ከመግባታቸው በፊት ቆም አሉ። አረንጓዴው ድንኳን ለምን እንደሚተከል ያውቃሉ። «በሰላም ግባ፣ በሰላም ውጣ» ብለው በሹክሹክታ ለምነውት ገቡ።

ምንዳዬን አመጡት። በወር በወሩ ጠረጴዛቸው ላይ የሚያዩት በብርሃን የተሣለ ጥላውን ነበር፤ ጥላው ደግሞ ቀለም እንጂ ሥጋ የለውም። አሁን በአካል ሲያዩት አንገቱ ቀጥኗል። ለብርድ ይሁነው ብለው ጋቢ ይዘው ነበር፤ ጠባቂው «ከውሳኔ በፊት አይነካም» አለና ጋቢው ጭናቸው ላይ ቀረ።

«እማማ፣ መድኃኒትሽን ወስደሻል?» አለ ምንዳዬ ከማዶ።

«ዝም በል አንተ፣ ይቆጥሩብሃል።»

«ይቁጠሩዋ። ወስደሻል ወይ?»

«ወስጃለሁ።» አልወሰዱም ነበር።

ዳኛዋ ከፈተች። የማረሚያ ቤቱ ሰው፣ ልጁ አናጢነት እንደተማረ፣ ማንንም እንዳላስቀየመ ተናገረ። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ የእንግዳው ድምፅ መጣ፤ ያው በየማታው የሚያውቁት ጨዋ ድምፅ።

«ቁጥር፦ ሠላሳ አንድ። ምክንያት፦ ተመላሹን የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተቀባዩ አረጋዊ ነው። ደጁን የሚያንኳኳ የለም። ብቸኛ ቤት ለዳግም ጥፋት ቅርብ ነው።»

እማማ ሄራን አንገታቸውን ደፉ። እንግዳው አልዋሸም፤ የነገሩትን ነው የተናገረው።

በዚህ መሃል ከታች ከመንገዱ ዋይታ ተሰማ። ድምፁ እየቀረበ መጣና የድንኳኑ በር ተገለጠ። እትዬ ቤዛ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ።

«እማማ ሄራንዬ፣ ምነው ሳልሰናበትሽ፣ ምነው ሳላይሽ...» ብለው ቀና ሲሉ እማማ ሄራን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምን ሆንሽ ቤዛ?» አሉ እማማ ሄራን።

«አንቺ ነሽ?»

«ማን ልሁን?»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም።»

«ድንኳንሽ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸብኝ እኮ። ‹በወይዘሮ ሄራን ደጅ ድንኳን ተጥሏል› አለኝ። ካንቺ ሌላ በዚያ ቤት ማን አለ?»

ጋሽ ኢምራን ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። የእድሩ ድንኳን ሲተከል እዚያው ካሉት በቀር ለአባላቱ ሁሉ በየጆሯቸው ይናገራል፣ ማን እንደሞተ አይጠይቅም። ከሦስት ዓመት በፊት ራሳቸው ጋሽ ኢምራን ናቸው ያስገጠሙት፤ ብዙ ስለማይጠቀሙበት ረስተውት ነበር።

እትዬ ቤዛ ሊወጡ ዞር አሉ፤ ግን ከኋላቸው ሌሎች እያለቀሱ ገቡ። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ሌሎች። አንዱ ንፍሮ በሳፋ ይዟል። አንዱ «ቀሪ እንዳልባል ከሥራ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት» ብሎ ይነጫነጫል። እማማ ሄራንን በሕይወት ያየ ሁሉ ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ አንዳንዱም መሳቅ ይጀምርና አፉን ይይዛል። ቢሆንም ድንኳን የገባ ሰው ሳይቀመጥ መውጣቱ ነውር ነውና፣ እየተጠጋጉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ድንኳኑ ሞላ።

«ቁጥር ተሻሽሏል» አለ እንግዳው። «ስልሳ ስምንት። ምክንያት፦ በተቀባዩ ደጅ ብዙ ሰው ተገኝቷል።»

ምንዳዬ ቀና አለ። እማማ ሄራን በልባቸው ቆጠሩ፦ ዳኛዋ፣ ማረሚያ ቤቱ፣ ደጃፉ፣ አሁን ደግሞ እንግዳው። አራት።

ዳኛዋ ሰዉን አየች። «ለማን ነው የመጣችሁት?»

እትዬ ቤዛ እንባቸው ገና ጉንጫቸው ላይ እያለ፣ «ለልጁ ነዋ» አሉ። «ለምንዳዬ ነው የመጣነው። ምነው፣ ለሰፈራችን ልጅ አንመጣም?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ኢምራን ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«እውነት ነው፣ እማማ?» አለች ዳኛዋ።

እማማ ሄራን ወደ ምንዳዬ አዩ። «አዎ» አንዲት ቃል ናት። ከዚያች ቃል ማዶ ልጁ ተቀምጧል፤ ጋቢው ደግሞ ጭናቸው ላይ ነው። ሊሉት ነበር። እግዜርም ይቅር ይለኛል ብለው እስከ መጨረሻው ጨክነው፣ ምላሳቸው ላይ አድርሰውት ነበር።

ያኔ ከላይ በኩል፣ ከዳገቱ፣ ሌላ ልቅሶ መጣ። የዚህኛው ልቅሶ ግጥም የለውም፣ ስም ብቻ ነው የሚጠራው።

«እማማ... እማማ ሄራን... ሰላምታዎን ሳልመልስ...»

ሶስና ነበረች። በቤት ነጠላ ጫማ ነው የወጣችው፤ ጸጉሯን እንኳ አልሸፈነችም። በሩ ላይ እግሯ ተያዘና ልትወድቅ ስትል እማማ ሄራን ተነሥተው ደገፏት። ጋቢው መሬት ወደቀ። ጠባቂው «ይቀመጡ» ቢላቸውም አልሰሙትም።

«አለሁ፣ ልጄ። አለሁ። ማንም አልሞተም። ድንኳኑ ነው ያሳሳተሽ። ይሄ ሁሉ ሰው እኔ የሞትኩ መስሎት ነው የመጣው፣ ለሌላ አይደለም። አይዞሽ፣ አታልቅሺ፣ እንባሽ ይብቃሽ።»

ይህን ሲናገሩ የሚያዩት የሶስናን ፊት ብቻ ነበር። ያቺ ሴት አንድ ልጇን የቀበረች ናት፤ ለውሸት ሞት አንዲት ዘለላ እንኳ እንድታፈስ አልፈለጉም። የተናገሩት ምን እንደሆነ የገባቸው የእንግዳውን ድምፅ ሲሰሙ ነው።

«ቁጥር ተስተካክሏል። ሠላሳ ሦስት።»

ምንዳዬ ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ ቤዛ በቀስታ፣ «አይ እማማ፣ ምን አለበት ዝም ብትይ» አሉ።

ሶስና እጇን ከእማማ ሄራን እጅ አስለቀቀች። ማን እንዳለ፣ የምን ስብሰባ እንደሆነ ያየችው ገና አሁን ነው። ምንዳዬን አየችው፤ ፊቷ ተከደነ። ልትወጣ ዞረች።

«ሶስና» አሉ ጋሽ ኢምራን። «ድንኳን ገብተሽ ሳትቀመጪ አትወጪም።»

«የለቅሶ ድንኳን መስሎኝ ነው የገባሁት፣ ጋሼ።»

«ድንኳኑስ የለቅሶ ነው። ጥቂት ቁጭ በይና ሂጂ።»

አግዳሚዎቹ ጢም ብለዋል። ክፍት የነበረው ወንበር አንድ ብቻ ነው። ሶስና ቆማ አየችው፤ ከዚያ ነጩን ጨርቅ አንስታ፣ አጣጥፋ፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ይቆረጥም የነበረው ሰው ማኘኩን አቆመ።

«የተቀመጡበት ወንበር የማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለች ዳኛዋ።

«አውቃለሁ። ሁለቴ ጠርታችሁኛል።»

«ለመናገር አይገደዱም።»

«ካልተናገርኩ ‹አይሆንም› ብላለች ትላላችሁ እኮ።» ሶስና ጨርቁን በአውራ ጣቷ ታሻሽ ነበር። «እኔ ይቅር አላልኩም። ብላለች ብላችሁ እንዳትጽፉ። ጠዋት ድንኳኑ ሲነግረኝ ግን ምን እንደመጣብኝ ልንገራችሁ። ልጄን ስቀብር ይህቺ ሴትዮ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ነበር፣ ማንም ሳያናግራት። አየኋት። ዛሬ ደግሞ ሞተች ሲሉኝ፣ ማን ነው አፈር የሚመልስባት አልኩ። አንድ ልጅ ነው ያላት፣ እሱም የለም። የኔን ልጅ አፈር የመለስኩበት እኔ ነኝ። እኔን መቅበር የነበረበት እሱ ነበር።»

ጨርቁን ማሻሸቷን ተወች።

«ይፈታ» አለች። «ለሱ ብዬ አይደለም። የሚቀብራት ሰው ይኑራት።»

እማማ ሄራን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«የሚያስገቡት ግዴታ ካለ ሕጉ ይፈቅድልዎታል» አለች ዳኛዋ።

ሶስና ለመጀመሪያ ጊዜ ምንዳዬን ቀጥ ብላ አየችው። «እኔን ሲያይ መንገድ እንዳይሻገር። በየጠዋቱ በደጄ ሲያልፍ እንደምን አደሩ ይበለኝ። እኔ አልመልስም። እሱ ግን ይበለኝ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ ምንዳዬ።

ድምፅ ተሰጠ። ዳኛዋ ደገፈች፣ ማረሚያ ቤቱ ደገፈ፣ ጋሽ ኢምራን ሁለት እጃቸውን አነሱና «አንዱ ይበቃል» ሲባሉ አንዱን አወረዱ። ሶስና ራሷን ነቀነቀች። እንግዳው በዚያው ጨዋ ድምፁ፣ «አልደገፍኩም። ውሳኔው በአብላጫ ጸድቋል። መልካም ቀን ይሁንላችሁ» አለ።

ሊያለቅስ የመጣው ሰው ያኔ አለቀሰ። ንፍሮውም ለምን ይመለሳል ተብሎ ተበላ። እማማ ሄራን ጋቢውን ከመሬት አንስተው፣ አራግፈው፣ ልጁ ትከሻ ላይ ጣሉ፤ ማንም አይነካም አላላቸውም። ሶስናን ሊያመሰግኑ ዞር ሲሉ ወንበሩ ላይ የተጣጠፈው ጨርቅ ብቻ ነበር።

ማታ እንግዳው እንደ ልማዱ ጠየቀ። «ዛሬ ደጅዎን ያንኳኳ ሰው አለ?»

«የለም» አሉ እማማ ሄራን። «ክፍት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ምንዳዬ እጁ ላይ አምባር ታሰረለት። አምባሩ ማለዳ ማለዳ ይቀሰቅሰዋል፣ ሦስት በር ከፍ ብሎ ሲደርስም ይጠብቃል። ምንዳዬ ሶስና አጥር ላይ ቆሞ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ ሶስና» ይላል፤ አምባሩ ሰማሁ ለማለት አንዴ ይርገበገባል። ከአጥሩ ውስጥ መልስ የለም። ብቻ በዚያ ሰዓት ሶስና ሁልጊዜ ግቢ ውስጥ ናት፤ አንዳንዴ ጎመኗን ታርማለች፣ አንዳንዴ ያጠበችውን ልብስ ታሰጣለች። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛ ትቆማለች። ጎረቤቱም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሁለት እያለ የእማማ ሄራንን ደጅ ማንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ ከእፍረት ነበር፣ በኋላ ለመደባቸው። እድሩ ድንኳኑ ሲተከል ማን እንደሞተ እንዲጠይቅ ይስተካከል ብሎ ሲሰበሰብ፣ እማማ ሄራን እጃቸውን አውጥተው፣ «ተዉት፣ እንዲያው እንዳለ ይሁን» አሉ። ጋሽ ኢምራን እየሳቁ ደገፏቸው።

የአመክሮው ዘመን ያለቀ ዕለት ማታ የቦርዱ ሰው መጥቶ አምባሩን ፈታ፣ እንግዳውንም ከግድግዳው ነቅሎ ወሰደ።

በማግስቱ እማማ ሄራን ጎሕ ሳይቀድ ነቅተው ተቀመጡ። ምንዳዬ ተኝቷል። የሚቀሰቅሰው የለም። ፀሐይ ወጣች፣ ጣሪያ ላይ ዳቦው ወረደ፣ ልጁ አሁንም ተኝቷል። ሊነቀንቁት ሄደው ከአልጋው ሥር ቆሙ፤ መልሰው ተመለሱ። ከቀሰቀሱት እሳቸው አምባር ሆኑ ማለት ነው። አሁን ግዴታ የለበትም፣ ነፃ ሰው ነው፣ ቢቀርም ማንም አይጠይቀው ብለው ራሳቸውን ሊያጽናኑ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ያቺ ሴት ግቢዋ ውስጥ ቆማ ቢሆንስ?

ምንዳዬ ከእንቅልፉ ብድግ አለ። መስኮቱን አየ። ምንም ሳይናገር ሸሚዙን እየቆለፈ፣ የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ወጣ። እማማ ሄራን በሩን ገርበብ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ሶስና» አለ ከላይ። ሲሮጥ ነበርና ያለከልካል።

እማማ ሄራን ጆሯቸውን ይበልጥ አስጠጉ።

ከዚያ ከአጥሩ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ፤ ቁጣ አለበት፣ እናት የምትቆጣው ዓይነት።

«አረፈድክ ዛሬ።»

እማማ ሄራን በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ። ወደ ግድግዳው ዞሩ። እንግዳው ከተነቀለበት ቦታ አተር የምታክል ነጭ ምልክት ቀርታለች።

«ሰማህ?» አሉት።